ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የገባው ቁልፍ

እናቴ ሰካራም ናት ብዬ የደመደምኩት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ዮርክ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። እንዲሁ በግምት አይደለም፤ ማስረጃ ነበረኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ፖሊስ ትምህርት ቤታችን መጥቶ ጠጥቶ መንዳት ስለሚያመጣው ጣጣ አስተምሮናል። የሰካራም ምልክቶችን ሰሌዳው ላይ በተርታ ጻፈ። ከዕቃ ጋር ይጋጫል። ብርጭቆ ይደፋል። ደረጃ ይስታል። ከጎኑ ቆመው ሲያናግሩት ዞር አይልም። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "እናታችሁ ወይም አባታችሁ ጠጥተው ሊነዱ ቢሉ ምን ታደርጋላችሁ?" አለን። ራሱም መለሰው። "ቁልፉን መደበቅ ነዋ!" ብሎ ሳቀ። ክፍሉ በሙሉ አብሮት ሳቀ። እኔ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ወደ ዮርክ የሄድነው አራት ሆነን ነው፤ እናቴ ሎሬይን፣ ሁለት ጓደኞቿና እኔ። አባቴ ኪት አጥር ቀለም እቀባለሁ ብሎ ቤት ቀረ። ሦስቱ ሴቶች አብረው የተማሩ ናቸው። ዮርክ ሄደን ሁለት ቀን እንዞራለን ሲባባሉ ዓመታት አልፈዋል፤ አንዷ ስትወልድ፣ አንዷ ስትፈታ፣ አንዷ ቤት ስትቀይር ነገሩ ሲገፋ ኖሯል። በዚያ ጥቅምት ግን እናቴ ድንገት ተነስታ "በዚህ ሳምንት መጨረሻ ነው፤ ያልመጣ ይቅር" አለች። ማንም አልቀረም።

ቤቨርሊ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ስትስቅ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ጊሊያን ትምህርት ቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ከድምጿ ይልቅ የከረሜላ ወረቀቷ ይጮሃል። ሁለቱንም አክስቴ እላቸዋለሁ፤ በደም አንገናኝም።

መጀመሪያ የወጣነው ግንቡ ላይ ነው። የዮርክ ግንብ አሮጌውን ከተማ ይከባል፤ ላዩ ላይ በእግር ይኬድበታል። በውጭ በኩል ደረት የሚደርስ ግድግዳ አለው። በውስጥ በኩል ብዙ ቦታ ላይ ምንም የለውም፤ ድንጋዩ ያልቃል፣ ከዚያ አየር፣ ከአየሩ በታች የሰው ጓሮ።

"አንቺ በግድግዳው በኩል ሂጂ" አለቻት ቤቨርሊ።

"ምነው? ሕፃን ነኝ?"

"እኔ ብወድቅ እነጥራለሁ። አንቺ አጥንት ብቻ ነሽ።"

ክንዷን በእናቴ ክንድ ውስጥ አስገብታ ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት፤ በባዶው በኩልም እሷ ሄደች። እናቴ ሳቀች እንጂ ክንዷን አልነጠቀችም። ከኋላቸው ሆኜ ሁለት ሴቶች እንደ ሙሽሮች ተያይዘው ሲሄዱ እያየሁ አፈርኩ።

"ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል" አለች እናቴ ከጥቂት ጊዜ በኋላ።

ጊሊያን የእጅ ሰዓቷን አየች። "በምን አወቅሽ?"

"ያ ማዶ ያለው ቤተ ክርስቲያን ሰዓት የለውም እንዴ?"

ጊሊያን ዓይኗን አጨንቁራ ወደ ማዶ አየች። "ለእኔ ሰዓቱ ቀርቶ ቤተ ክርስቲያኑም አልታየኝም።"

ሦስት እርምጃ እንደሄድን፣ ቤቨርሊ ቦርሳዋን ልታስተካክል ክንዷን በለቀቀችበት ቅጽበት፣ እናቴ ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚያስር ሰውዬ ላይ ወጣችበት። ሰውዬው በመዳፉ ድንጋዩን ተደግፎ "ይቅርታ" አለ። እናቴም "ኧረ ይቅርታ" አለች። እሱ እንደገና "የእኔ ጥፋት ነው" አለ። በእኛ አገር የተረገጠው ነው ይቅርታ የሚጠይቀው።

ምሳ የበላነው ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ከብርሃን ወደዚያ ስትገባ እናቴ ሁለቱን ደረጃዎች ሳተች፤ ጊሊያን ባትይዛት ኖሮ በአፍጢሟ ትደፋ ነበር። ከዚያ በር አጠገብ የተጋደመ፣ በግ የሚያህል ነጭ ውሻ ረገጠች። ውሻው ጮኸ። ዞር ስትል የአስተናጋጁን ትሪ በክርኗ መታችው፤ ሁለት ብርጭቆ ቢራ አንድ ሽማግሌ ጭን ላይ ተገለበጠ።

"ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም" አሉ ሽማግሌው ሱሪያቸውን እያራገፉ። "ልታጠብ አስቤ ነበር።"

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በልቤ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች እያነበብኩ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልገጠመልኝም፤ እናቴ የጠጣችው ግማሽ ብርጭቆ ቢራ ነው፣ ያንንም ውሻውን ከረገጠች በኋላ። ስለዚህ ተደብቃ ነው የምትጠጣው አልኩ። ሽንት ቤት ስትሄድ ቦርሳዋን ከፈትኩ። ጠርሙስ አላገኘሁም። የታሸገ ፖስታ፣ የመኪናው ቁልፍና አንድ የእጅ ባትሪ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ከተማ ለመጎብኘት የወጣ ሰው የእጅ ባትሪ ምን ያደርግለታል? ለጨዋ ሰው ምንም። ይሄም ተጨማሪ ማስረጃ ሆነ።

አሁን የማውቀውን እዚህ ላይ ልናገርና እንገላገል፤ ምሥጢር እየጎተቱ ማውራት አልወድም። እናቴ ሰካራም አልነበረችም። ዓይኗ ከዳር ወደ መሐል እየጨለመ ነበር። ፊት ለፊቷ ያለውን ከሁላችንም አጥርታ ታያለች፤ ከዚያ ግራና ቀኝ ያለው ለእሷ የለም። ዓለምን በመቃ ቀዳዳ እንደማየት ነው፤ ሲመሽ ደግሞ መቃውም ይደፈናል። ሐኪሙ ይህንን የነገራት ከጉዟችን አሥር ቀን በፊት ነው፤ መንዳት ማቆም እንዳለባት፣ ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱም ራሷ ጽፋ እንድታሳውቅ። ቦርሳዋ ውስጥ ያየሁት ፖስታ እሱ ነበር። ሰኞ ልትልከው ወስናለች። ከሰኞ በፊት ግን ራሷ ነድታ ዮርክ ትሄዳለች፣ የካቴድራሉን ትልቅ መስኮት ታያለች፣ ራሷ ነድታ ትመለሳለች። ለአባቴ የምትነግረው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ አያውቅም። ቤቨርሊና ጊሊያን ያውቃሉ።

አውቀው እንዴት መኪናው ውስጥ ገቡ የሚል ካለ የእኛን ሰዎች አያውቅም። ቤቨርሊ መንዳት ትችላለች። ቅዳሜ ጠዋት ገና ከበራችን ሳንርቅ "ደክሞሽ ከሆነ ትንሽ ልንዳልሽ?" ብላ ጠይቃለች። "አልደከመኝም" አለች እናቴ። "እሺ፤ እንዲያው ነው ያልኩት" አለች ቤቨርሊ። ነዳጅ ስንቀዳ እንደገና "እኔ እኮ መንዳት ናፍቆኛል" አለች። "የራስሽን ስትነጂ ይወጣልሻል" አለች እናቴ። ሁለቱም ሳቁ። "ሎሬይን፣ ልጅ ከኋላ አለች፤ ቁልፉን አምጪ" ማለት ግን የሰው ፊት መድፈር ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ አይባልም። እምቢ ሊባል በሚችል መንገድ ይጠየቃል፣ እምቢ ይባላል፣ ያልቃል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ካቴድራሉ ገባን። እናቴ በምሥራቅ በኩል ካለው ግዙፍ ባለ ቀለም መስኮት ፊት ተቀመጠችና አርባ ደቂቃ ሙሉ አልተነሳችም። መስኮቱ የቤት ቁመት ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ መጽሐፍ ቅዱስ በትናንሽ ሳጥኖች ተከፋፍሎ ተሥሎበታል። ሌላው ሰው ገብቶ፣ ቀና ብሎ፣ "ወይ ጉድ" ብሎ ይወጣል። እሷ ግን ከታችኛው ረድፍ ጀምራ ራሷን በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሰች ሳጥን በሳጥን ታየዋለች፤ እንደሚያነብ ሰው።

"ምን እያደረገች ነው?" አልኳት ጊሊያንን።

"እያየች ነዋ፣ ሆዴ። ከረሜላ እንኪ።"

"እኔ አይቼ ጨርሻለሁ።"

"አንቺማ ትጨርሻለሽ።"

ለእኔ ያ ሁሉ መፍዘዝ ከቢራው የመጣ ነበር።

ማታ ከእራት በፊት፣ ባረፍንበት ፔንሲዮን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፌ ሳለ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ሦስቱ ሲያወሩ ሰማሁ።

"ሐኪሙ መንዳት ተዪ አላለሽም?" ጊሊያን ናት።

"እተዋለሁ አልኩ እኮ። ሰኞ።"

"ኪትስ?"

"ኪት ከሰማ እሑድን አያሳድረኝም። በባቡር ጭኖ ነው የሚወስደኝ።"

"ሊቆም ይችላል ወይ? ማለቴ፣ በመድኃኒት..."

"አይቆምም ቤቭ። ቀስ እያለ መባስ ነው ሥራው።"

ከዚያ ቤቨርሊ፣ በሹክሹክታ ሳይሆን ሹክሹክታ በመሰላት ድምፅ፣ "ልጅቷ ከኋላ አለች ብዬ ነው እንጂ..." አለች።

"ቀን ቀን ደህና ነኝ። ችግሩ ሲመሽ ነው። ነገ አሥር ሰዓት ላይ እንነሳለን፣ በአሥራ አንድ ተኩል ቤት ነን። ዛሬ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ብርሃን አልነበረም?"

"ነበር" አለች ጊሊያን።

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ምንም" አለች ቤቨርሊ።

ውኃው እስኪቀዘቅዝ ቆየሁ። ሐኪሙ መንዳት ተዪ ብሏታል። አይቆምም፣ ይብሳል። ችግሯ ሲመሽ ነው። ሰካራም የሚብሰው ሲመሽ ነው የሚባልበት ሰፈር ነው ያደግኩት፤ የቀረ ጥያቄ አልነበረኝም።

እሑድ ጠዋት ቁርስ ላይ የፔንሲዮኑ ባለቤት እንቁላሉን እያቀረቡ "ሰዓታችሁን መለሳችሁ?" አሉን። የጥቅምት የመጨረሻው እሑድ ነበር፤ በዚያ ቀን አገሩ በሙሉ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳል። ማታ ስንተኛ ሁላችንም ረስተነው ነበር።

"አንድ ሰዓት በነፃ!" አለች ቤቨርሊ የእጅ ሰዓቷን ዘውድ እያዞረች። "ከዚህ መንግሥት በነፃ ያገኘሁት ብቸኛ ነገር።"

"መስኮቱን ደግሜ አያለሁ" አለች እናቴ። ፊቷ በራ።

ይህ ስህተት የእኛ ብቻ ነው፤ ሰዓት የማይነካካ ሕዝብ ሊሳሳተው አይችልም። ጠዋት የተሰጠን ሰዓት ከማታው ተቆርጦ የመጣ ነው። ትናንት አሥራ አንድ ተኩል ላይ የገባችው ፀሐይ ዛሬ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ልትገባ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ በየዓመቱ ሰዓት የመለሱ ሦስት ትልልቅ ሴቶች ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው ነበር። ሦስቱም በትርፉ ተደሰቱ፣ አንዷም ኪሳራውን አላሰበችም። እኔም አላሰብኩም፤ እኔ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ምሳ ላይ እናቴ አንድ ብርጭቆ ነጭ ወይን አዘዘች።

"ለመጨረሻዋ" አለች ቤቨርሊ ብርጭቆዋን አንስታ።

"ዝም በይ፤ ለዮርክ" አለች እናቴ።

ብርጭቆው ሲያልቅ አየሁ። ግማሹን ተወችው ብዬ ብዋሽ ለታሪኩ ያምር ነበር፤ አልተወችውም፣ ጨረሰችው።

ካቴድራሉ ውስጥ ከትናንቱ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ጭኔ ላይ አደረገች። "ያዢልኝ ጄማ። ትናንት ያቆምኩት አራተኛው ረድፍ ላይ ነው።" ራሷን ቀና አድርጋ መቃኘት ጀመረች። ቤቨርሊና ጊሊያን ሻማ ሊያበሩ ሄዱ። ቁልፉን አወጣሁ። እናቴ አጠገብ ነበርኩ፤ ክርኔ ክርኗን ይነካል። ዞር አላለችም።

መወርወር አልፈለግሁም። ቁልፍ ውድ ነው፤ ወንዝ ውስጥ የጣለ ልጅ ደግሞ ይገረፋል ባይባልም ለሳምንት ይኮረፋል። የማይጠፋበት፣ ግን የማይገኝበት ቦታ ነው የፈለግኩት። በመግቢያው አጠገብ ትልቅ ሙዳየ ምጽዋት ነበር፤ ወርዱ ክንድ፣ ቁመቱ ደረቴ ድረስ፣ ዙሪያውን መስታወት፣ ጎኑ ላይ ሁለት መቆለፊያ። ከላይ ብር የሚገባበት ሰፊ ቀዳዳ አለው። ቁልፉን ከነቀይ መንጠልጠያው ጨመርኩት። ከሳንቲም ይልቅ ጮኸ። አጠገቡ ተቀምጠው የሚጽፉ አንዲት አሮጊት ቀና ብለው "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የኔ ቆንጆ" አሉኝ።

ተመልሼ ስቀመጥ እናቴ እጇን ዓይኗ ላይ ጭና አነሳችው። ጨፍና ገለጠች። መስኮቱ ላይ ያለው ሰማያዊ ጠቁሮ ነበር፤ ቀዩ ቡናማ መስሏል። እኔ አየሁት፤ ሲመሽ እንደዚያ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ስታወራኝ፣ በዚያ ደቂቃ የቀረው ዓይኗ እዚያው ወንበር ላይ የጠፋባት መስሏት እንደነበር ነገረችኝ። መምሸቱን አልጠረጠረችም፤ ሰዓቷ ገና ዘጠኝ ተኩል ይላል። ስለዚህ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ለማንም ሳትናገር፣ የሚጨልመውን ቀና ብላ አየችው።

"ዛሬ ቶሎ ደነገዘ እንዴ?" አለች ጊሊያን ተመልሳ ስትመጣ።

"ደመና ነው" አለች ቤቨርሊ።

እናቴ ወደ ጊሊያን ዞረች። "ላንቺም ጨልሟል?"

"እህ፣ ጨልሟላ።"

"እሺ" አለች እናቴ፤ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ደስ ያላት ትመስል ነበር። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ቁልፉ መጥፋቱ የታወቀው መኪናው ጋ ደርሰን ነው። እናቴ ቦርሳዋን መኪናው አፍንጫ ላይ ገለበጠችው፤ ማበጠሪያ፣ ባትሪ፣ ፖስታ፣ የከረሜላ ወረቀት። ቤቨርሊ ኮቷን ፈተሸች፤ ጊሊያን ተንበርክካ ከመኪናው ሥር አየች። "ጄማ፣ አላየሽም?" አሉኝ። "ምኑን?" አልኩ።

ወደ ምሳ ቤቱ ተመለስን። የለም። ወደ ሽንት ቤቱ። የለም። ወንዙ ዳር የተቀመጥንበት አግዳሚ ላይ ዝይ ቆሞ ነበር፤ ቤቨርሊ "አንተ ነህ የወሰድከው?" አለችው፤ ማንም አልሳቀላትም። ድልድዩ ላይ ስንደርስ የመንገዱ መብራቶች በሙሉ በአንድ ጊዜ በሩ። ጊሊያን ቆመች።

"ገና አሥር ሰዓት ከሩብ እኮ ነው" አለች።

እናቴ ቀና ብላ ሰማዩን ፈለገች። ከዚያ የእጅ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ሁለቱን ሴቶች፣ አንድ በአንድ፣ ራሷን እያዞረች።

"ሰዓቱ" አለች። "እናንተ ጅሎች፤ ሰዓቱ።"

ቤቨርሊ አፏን በእጇ ያዘች።

ካቴድራሉ ስንመለስ የማታው ጸሎት ተጀምሯል። መዘምራኑ ከወዲያኛው ጫፍ ይዘምራሉ፤ ጥቁር ቀሚስ የለበሱ አንድ ሽማግሌ አስተናባሪ በሩ ላይ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ተቀበሉን። ቤቨርሊ ስለ ቁልፉ ልታስረዳ በሹክሹክታ ጀመረች። ሕንፃው ጨለምለም ያለ ነው፤ እናቴ የጊሊያንን ክንድ ይዛ መግቢያው ላይ ቆማለች። አንድ መብራት ብቻ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሙዳየ ምጽዋቱ ላይ ያርፋል።

"እዚያ" አለች እናቴ።

"የት?"

"ሳጥኑ ውስጥ። ከአምስት ፓውንዱ ብር ሥር። ቀዩ መንጠልጠያ ይታያል።"

ሃያ እርምጃ ይርቃል። ቤቨርሊና ሽማግሌው ሄደው አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ነው ያገኙት። ደረጃ የምትስተው፣ ውሻ የምትረግጠው እናቴ ነች ያየችው።

"ሳጥኑን ልከፍትልዎ አልችልም፣ እመቤቴ" አሉ ሽማግሌው እጃቸውን እያፋተጉ። "ሁለት መቆለፊያ ነው ያለው፤ ሁለት ሰው መገኘት አለበት። አንዱ ገንዘብ ያዡ ናቸው፤ የሚመጡት ነገ ነው።"

"ይገባኛል" አለች እናቴ። "ደንብ ደንብ ነው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ፈልጋ አገኘችኝ፤ ጎንበስ ብላ ፊቴን ልክ መሐል ላይ አደረገችው።

"ጄማ። ለምን?"

ልናገር አላሰብኩም ነበር። ግን ለሁለት ቀን ይዤው ነበር፤ መዝሙሩም የሚቆም አልመሰለኝም።

"ስለምትጠጪ ነው!"

መዝሙሩ ልክ በዚያች ቅጽበት አለቀ። ቃሌ ጣሪያው ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ከሩቅ የአንድ ልጅ ሳቅ ተሰማ፤ የሆነ ሰው እሽ አለው። ሽማግሌው ኮርኒሱን ማየት ጀመሩ። ቤቨርሊ "ኧረ ሆዴ፣ እናትሽ እኮ..." ብላ ጀመረች።

እናቴ ቤቨርሊን በእጇ አስቆመቻት። ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። የሚቀጥለው መዝሙር ተጀመረ።

"ልክ ነሽ" አለችኝ። "ጠጥቻለሁ። ቁልፉን መደበቅሽ ትክክል ነው። ትልቅ ሰው የሚሠራውን ነው የሠራሽው።"

ጊሊያን ፊቷን አዞረች። እኔ ደረቴ በኩራት ሞላ። ከሰካራምና ከዓይነ ስውር እናት የትኛዋን እንዳምን እንደመረጠችልኝ ሲገባኝ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ሰካራም እናት ይሻላታል ብላ አስባለች። ሰካራም እናት ነገ ልትተው ትችላለች።

አባቴ ሁለተኛውን ቁልፍ ይዞ በባቡር መጣ። ባቡር ጣቢያው ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት ጠበቅነው። የቀለም ሱሪውን እንኳ አልቀየረም፤ ጉልበቱ ላይ አረንጓዴ አለ። ምንም ሳይቆጣ ፀጉሬን አሻሸና "ሌባዋ ይቺ ናት?" አለ።

"ኪት፣ ትንሽ እንራመድ" አለችው እናቴ።

ከመስታወቱ ወዲያ፣ በትልቁ ሰዓት ሥር ቆሙ። እሷ አወራች፤ እሱ ሰማ። ከዚያ አባቴ እጁን አንስቶ አንድ ጣቱን በጆሮዋ አጠገብ አቆመ። እናቴ ፊት ለፊት እያየች ቆማለች። ጣቱን ቀስ አድርጎ ወደ ፊት አመጣው። በጉንጯ ትክክል ሲደርስ ምንም አላለችም። በቅንድቧ ጫፍ ሲደርስ ምንም አላለችም። አፍንጫዋ ፊት ሊደርስ ምንም ያህል ሳይቀረው ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ "አሁን" ያለች ይመስላል። አባቴ እጁን አወረደና ወለሉን አየ። ከዚያ በሌላኛው ጆሮዋ በኩል ደገመው።

ፖሊሱ ስለዚህም ነግሮን ነበር፤ ሰካራምን በጣት ይፈትኑታል ብሏል። ወደቀች አልኩ በልቤ።

ወደ ቤት አባቴ ነዳ። እናቴ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ በሁለቱ ሴቶች መሐል። ከከተማው ስንወጣ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ፤ ግራና ቀኝ እርሻ ብቻ ነው። እናቴ የመኪናው መብራት ያረፈበትን ምልክት ከሩቅ ታነባለች። "ጉል ከተማ፣ አሥራ አራት ማይል" ትላለች፤ እኛ ምልክቱን የምናየው ቆይተን ነው። ደህና ሆናለች አልኩ።

ከዚያ አባቴ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው። ጊሊያን "ውይ!" አለች። ጥቁር የለበሰ፣ መብራት የሌለው ብስክሌተኛ በግራ በኩል ነበር። የለበሰው ኮፍያ ቋጠሮ ሳይቀር ታይቶኛል፤ ከእናቴ መስኮት አንድ ክንድ ርቀት ላይ አለፍነው።

"ምን ሆንክ?" አለች እናቴ።

"ሰው ነው" አለ አባቴ።

"የምን ሰው?"

"ብስክሌት የሚነዳ። ባንቺ በኩል።"

እናቴ ራሷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ምንም አልነበረም፤ አልፈነዋል። "አላየሁም" አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው።

ቤቨርሊ፣ ለሁለት ቀን አፏ ያልተከደነው ሴትዮ፣ ጉልበቴን ያዘች። ጥፍሯ እስኪወጋኝ ድረስ ያዘች፤ ቤት እስክንደርስ አልለቀቀችም፣ አንድ ቃልም አልተናገረችም። እኔ ደግሞ ስካሩ ገና አልወጣላትም ማለት ነው አልኩና፣ በሠራሁት ሥራ ረክቼ እንቅልፌን ተኛሁ።

ሰኞ እናቴ ፖስታውን ላከች። ሐሙስ ቁልፉ በፖስታ መጣ፤ "ስለ ልግስናዎ ከልብ እናመሰግናለን" ከሚል የታተመ ካርድ ጋር። አባቴ ካርዱን ወጥ ቤቱ በር ላይ ሰቀለው። እኔ ለሦስት ዓመት እናቴን ከመጠጥ ያላቀቅኩ ጀግና ነኝ ብዬ ኖርኩ፤ ሲነግሩኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ሳይሆን ብስጭት ነው።

ቤቨርሊ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስታ አታውቅም። ግን በየዓመቱ፣ የጥቅምት የመጨረሻው እሑድ ጠዋት፣ ስልክ ትደውላለች። ለእናቴ አይደለም፤ ለእኔ ነው።

"ሰዓትሽን መለስሽ?" ትለኛለች።

"መልሻለሁ፣ አክስቴ ቤቭ።"

ስልኩ ውስጥ ትንፋሿ ይሰማኛል። ሌላ ነገር ልትል ትፈልጋለች፤ በየዓመቱ እጠብቃታለሁ።

"ዛሬ ቶሎ ይመሻል" ትለኛለች በመጨረሻ። "እንዲያው ነው ያልኩት።"